ጆ ሉዊስ፦ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የኢትዮጵያን ተስፋ በጓንቱ የተሸከመው ቦክሰኛ

ሚያዝያ 24/1928 ዓ.ም ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ የተነሳው ባቡር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ ቤተሰባቸውንና ጥቂት ባለሥልጣናትን ጭኖ ወደ ጂቡቲ ወረደ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጂቡቲ ከተማ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት አመሩ። ከአዲስ አበባ በወጡ በሦስተኛው ቀን የጣሊያን ጦር ዋና ከተማዋን ያዘ።

የዚያን ባቡር ጉዞ በሐዘን የተከታተሉት በሀገር ውስጥና በአካባቢው ያሉ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። በኒው ዮርክ፣ በቺካጎና በዲትሮይት የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንም የኢትዮጵያን ዕጣ እንደ ራሳቸው ዕጣ ይቆጥሩት ነበር። ከአሥር ወር ገደማ በፊት በአንዲት የበጋ ምሽት ግን ታሪኩ በሌላ መንገድ የሚጠናቀቅ መስሏቸው ነበር። በዚያች ምሽት አንድ የ21 ዓመት ወጣት የሙሶሊኒ ኩራት የነበረውን ግዙፍ ቦክሰኛ በስድስት ዙር አንበርክኮታል። ወጣቱ ጆ ሉዊስ ይባላል።

ሉዊስ ከጊዜ በኋላ በዓለም ከባድ ሚዛን የቦክስ ታሪክ ረጅሙን ንግሥና የያዘ ሰው ሆነ። ሕይወቱ አዲስ ኃይል ነባሩን ሻምፒዮን ሲተካ ምን እንደሚመስል ከሁለቱም ወገን ያሳያል፤ በወጣትነቱ ዘውድ ቀማ፣ በጉልምስናው ደግሞ በወጣት ክንድ ተዘረረ። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት የሌሎች ሰዎችን ተስፋ በትከሻው ተሸክሟል። የሸክሙ ዋጋም በመጨረሻ የተከፈለው ከእርሱ ኪስ ነበር።

ከጥጥ ማሳ ወደ ዲትሮይት

ጆሴፍ ሉዊስ ባሮ እአአ ሜይ 13/1914 በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት አላባማ፣ ላፋየት በተባለች ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። አያቶቹ በባርነት የኖሩ ሲሆኑ፣ ወላጆቹ የሰው መሬት በእኩሌታ እያረሱ ጥጥ የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው አባቱ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። እናቱ ሊሊ ባለቤታቸው እንደሞቱ ተነግሯቸው ሌላ ባል አገቡ። አባትየው ግን እስከ 1938 ድረስ በሕይወት ነበሩ፤ ከዚህ ዓለም የተለዩት ልጃቸው የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ነው።

በ1926 ቤተሰቡ የዘር መድልዎውንና ድህነቱን ሸሽቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ መኪና ፋብሪካዎቹ ከተማ ዲትሮይት ተሰደደ። ጆ በትምህርት አልገፋም፤ ንግግርም አይቀናውም ነበር። የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ገባ፣ በረዶ አመላለሰ፣ በፋብሪካም ሠራ። እናቱ ልጃቸው ከመንገድ ላይ ውሎ እንዲርቅ ቫዮሊን እንዲማር ሳንቲም እየቆጠቡ ይሰጡት ነበር። እርሱ ግን ያንን ገንዘብ ብሩስተር በተባለው የወጣቶች ማዕከል ቦክስ ለመለማመድ አዋለው።

አጀማመሩ ለታላቅነት የታጨ ሰው አጀማመር አልነበረም። በ1932 በአማተርነት ባደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ሰባት ጊዜ ወድቆ ተሸነፈ። ለጥቂት ጊዜም ጓንቱን ሰቅሎ ወደ ፋብሪካ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ልምምዱን አጠንክሮ ቀጠለ፤ በ1934 የአሜሪካ አማተር ቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ቺካጎ ውስጥ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ግጥሚያ በአንደኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ 59 ዶላር ተከፈለው።

የጃክ ጆንሰን ጥላ

በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ቦክሰኛ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ለመሆን ችሎታ ብቻ አይበቃውም ነበር። የመጀመሪያው ጥቁር ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን ዘውዱን የደፋው በ1908 ነው። ጆንሰን ነጭ ተጋጣሚዎቹን በአደባባይ እየተሳለቀ ያሸንፍ፣ ነጭ ሴቶችንም ያገባ ነበርና የብዙ ነጭ አሜሪካውያንን ቁጣ ቀስቅሷል። እአአ ኤፕሪል 5/1915 ሃቫና ውስጥ በጄስ ዊላርድ ከተሸነፈ በኋላ የዚህ ክብር በር ለጥቁሮች ተዘጋ። ለሃያ ሁለት ዓመታት አንድም ጥቁር ለከባድ ሚዛን ዘውድ እንዲጋጠም አልተፈቀደለትም።

የሉዊስ ሥራ አስኪያጆች ጆን ሮክስቦሮና ጁሊያን ብላክ፣ አሠልጣኙም ጃክ ብላክበርን ሦስቱም ጥቁሮች ነበሩ። ይህንን በር መስበር የሚቻለው በቡጢ ብቻ ሳይሆን በጠባይም ጭምር መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ ወጣቱን በጥብቅ ደንብ አሳደጉት። በወደቀ ተጋጣሚ ላይ እንዳይደሰት፣ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶ እንዳይነሳ፣ ድሉም ጥርጣሬ የማያስነሳ እንዲሆን መከሩት። ብላክበርን በተለይ አንድ ነገር ደጋግሞ አስተማረው፦ ጥቁር ቦክሰኛ በነጥብ አሸንፋለሁ ብሎ ፍርዱን ለዳኞች መተው የለበትም፤ ዳኛው የገዛ ቡጢው መሆን አለበት።

ሉዊስ ይህን ተቀበለ። በመድረክ ላይ ፊቱ አይፈታም፣ እግሩ አይቸኩልም። ከአጭር ርቀት የሚሰነዝራቸው ተከታታይ ቡጢዎች ግን የዘመኑን ቦክሰኞች ያስፈሩ ነበር። ጋዜጦችም ቡናማው ቦምብ ጣይ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ገንዘብ ማግኘት ሲጀምር ቤተሰቡ በችግር ዘመን ከዲትሮይት ከተማ የወሰደውን የእርዳታ ገንዘብ አስልቶ መልሶ ከፈለ። ይህ ነገር በኋላ መንግሥት በእርሱ ላይ ከፈጸመው ጋር ሲነጻጸር መራራ ትርጉም ይኖረዋል።

የያንኪ ስታዲየም ምሽት

በ1935 የኢትዮጵያ ሁኔታ በየቀኑ እየከፋ ሄደ። በዲሴምበር 1934 በወልወል የተከሰተው ግጭት ለሙሶሊኒ የጦርነት ሰበብ ሆኖለታል። በጃንዋሪ 1935 ፈረንሳይና ጣሊያን ሮም ላይ ባደረጉት ስምምነት ፈረንሳይ ከጂቡቲ–አዲስ አበባ የምድር ባቡር አክሲዮን የተወሰነውን ለጣሊያን ሰጠች። የባሕር በር ላልነበራት ኢትዮጵያ ያ ሐዲድ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኛት ዋና መስመር ነበር። መሣሪያም፣ መድኃኒትም፣ የውጭ እንግዳም የሚመጣው በጂቡቲ በኩል ነው። የቺካጎው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰንም በዚያ ዓመት በዚሁ መንገድ አዲስ አበባ ገብተው የኢትዮጵያን አየር ኃይል መርተዋል።

ሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ለመዋጋት ቢነሳሱም የአሜሪካ ሕግ ለውጭ ጦር መመዝገብን ይከለክል ነበር። በሀርለም አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ይዋጣ፣ በጎዳናዎች ላይ ሰልፍ ይደረግ ነበር። እጃቸው ከአድዋ ልጆች ጋር መሰለፍ ላልቻለ ለእነዚህ ሰዎች እአአ ጁን 25/1935 የተያዘው ግጥሚያ ከስፖርት በላይ ሆነ።

የሉዊስ ተጋጣሚ ጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ነበር። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ክብደቱም ከሉዊስ ወደ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይበልጣል። ከ1933 እስከ 1934 የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን በነበረበት ጊዜ የፋሺስቱ መንግሥት የአዲሲቱ ጣሊያን ጉልበት ምሳሌ አድርጎ አቅርቦታል፤ እጁን ዘርግቶ የፋሺስት ሰላምታ ሲሰጥም ታይቷል። የግል ሕይወቱ ግን ከዚህ ምስል የራቀ ነበር። ካርኔራ ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ በሰርከስ ሲሠራ የተገኘ ሰው ነው። በዙሪያው የተሰበሰቡ ወሮበሎች ብዙውን ገቢውን በልተውበታል።

በያንኪ ስታዲየም ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተሰበሰበ። በጥቁሮችና በጣሊያን ዝርያ ባላቸው አሜሪካውያን መካከል ግጭት እንዳይነሳ ስለተፈራ በርካታ ፖሊስ ተሰማራ። የመድረኩ አስተዋዋቂም ተመልካቹ ዘርንና ፖለቲካን ወደ ጎን እንዲተው አሳሰበ።

ሉዊስ ገና ከመጀመሪያው ዙር የካርኔራን አፍ አደማ። በየዙሩ እየተጠጋ ግዙፉን ሰው እንደ ዛፍ ከሥሩ ገዘገዘው። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስት ጊዜም በጀግንነት ተነሳ። በመጨረሻም ዳኛው ጨዋታውን አስቆመ። ሉዊስ አልዘለለም፣ አልፎከረምም፤ በተለመደው ጸጥታ ወደ ማዕዘኑ ተመለሰ። በእርሱ ምትክ የዘለሉት በሺዎች የሚቆጠሩ የሀርለም ነዋሪዎች ናቸው። ጎዳናው ሌሊቱን ሙሉ በሆታ ተሞላ።

የምሽቱ ትርጉም ግን ወሰን ነበረው። ካርኔራ መውደቁ የሙሶሊኒን መርከቦች ከምጽዋ አልመለሰም። ሉዊስ በሴፕቴምበር 24 ሌላውን የቀድሞ ሻምፒዮን ማክስ ቤርን በአራተኛው ዙር ዘረረ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 3፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ።

ሁለት ሽንፈት በአንድ ወቅት

ንጉሠ ነገሥቱ በጂቡቲ ወደብ ከተሳፈሩ ሰባት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ እአአ ጁን 19/1936፣ ሉዊስ በዚያው በያንኪ ስታዲየም ከጀርመናዊው የቀድሞ ሻምፒዮን ማክስ ሽሜሊንግ ጋር ተጋጠመ። ሽሜሊንግ 30 ዓመት ሆኖታል፤ ብዙዎች ዘመኑ እንዳለፈ አድርገው ቆጥረውታል። ሉዊስም በስኬቱ ተዘናግቶ ከልምምድ ይልቅ በጎልፍ ሜዳ ጊዜ ያጠፋ ነበር።

ነባሩ ቦክሰኛ ግን የወጣቱን ፊልሞች በትዕግሥት አጥንቶ አንድ ጉድለት አገኘ። ሉዊስ በግራ እጁ ከሰነዘረ በኋላ እጁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ አገጩ ለቀኝ ቡጢ ይጋለጣል። ሽሜሊንግ ይህችን ቅጽበት እየጠበቀ መታው። በአራተኛው ዙር ጣለው፤ በአሥራ ሁለተኛው ዘረረው። በፕሮፌሽናል ሕይወቱ ሽንፈት የማያውቀው ሉዊስ በመልበሻ ክፍሉ አለቀሰ። በሀርለምም ሰዎች በየመንገዱ ተቀምጠው አነቡ።

የናዚ መንግሥት ድሉን የዘር የበላይነት ማስረጃ አድርጎ አራገበው። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የሀገራቸውን በደል አሰሙ። ለጥቁር አሜሪካውያን ያ ወቅት የድርብ ሐዘን ወቅት ነበር።

ዘውዱ ሲተላለፍ

በዚያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ጄምስ ብራዶክ ነበር። ብራዶክ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን በወደብ የቀን ሠራተኛነትና በመንግሥት እርዳታ ቤተሰቡን ሲያስተዳድር ቆይቶ፣ በጁን 1935 ማክስ ቤርን ባልተጠበቀ ሁኔታ አሸንፎ የነገሠ አይርላንዳዊ አሜሪካዊ ነው። ተራው የሽሜሊንግ ቢሆንም የብራዶክ ሰዎች ዘውዱ ወደ ናዚ ጀርመን ሄዶ እንዳይቀር ሰጉ፤ ከሉዊስ ጋር መጋጠም የሚያስገኘው ገንዘብም ይበልጥ ነበር። ብራዶክ ቢሸነፍ ከሉዊስ የወደፊት ግጥሚያዎች ትርፍ ለአሥር ዓመት አሥር በመቶ እንዲያገኝ ውል ተፈጸመ። ነባሩ ሻምፒዮን ዘውዱን ከማጣቱ በፊት ጡረታውን አስከበረ ማለት ነው።

እአአ ጁን 22/1937 በቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ ብራዶክ በመጀመሪያው ዙር ሉዊስን ጣለው። ሉዊስ ወዲያው ተነስቶ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ሻምፒዮኑ በየዙሩ እየተጎዳ ቢሄድም ከመድረኩ መውረድን እምቢ አለ። በስምንተኛው ዙር በአንድ የቀኝ ቡጢ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ለሃያ ሁለት ዓመት ተዘግቶ የቆየው በር ተከፈተ።

አዲሱ ሻምፒዮን ሽሜሊንግን ሳያሸንፍ ዘውዱ ሙሉ እንደማይሆንለት ያምን ነበር። ልክ በዓመቱ፣ ጁን 22/1938፣ ሁለቱ ከ70 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት እንደገና ተገናኙ። በመላው ዓለም ሚሊዮኖች በሬዲዮ ይከታተሉ ነበር። ሉዊስ በዚህ ጊዜ እጁን አልጣለም። ግጥሚያው 124 ሴኮንድ ብቻ ፈጀ፤ ሽሜሊንግ ከመድረኩ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ያን ምሽት አሜሪካ፣ ነጩም ጥቁሩም፣ አንድን ጥቁር ሰው የራሷ ጀግና አድርጋ ተቀበለችው። ሽሜሊንግ ራሱ የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም። በዚያው ዓመት በአይሁዶች ላይ ጥቃት በተከፈተ ጊዜም ሁለት አይሁድ ወንድማማቾችን ደብቆ አትርፏል።

ሉዊስ ዘውዱን 25 ጊዜ ተከላከለ። ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ በጎጃም በኩል ተመልሰው ሚያዝያ 27/1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሉዊስ ገና በዙፋኑ ላይ ነበር።

ወታደሩ እና ግብሩ

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሉዊስ በጃንዋሪ 1942 ወደ ጦር ሠራዊቱ ገባ። በዚያ ዓመት ካደረጋቸው ሁለት የዘውድ ግጥሚያዎች ያገኘውን ድርሻ ለባሕር ኃይሉና ለምድር ጦሩ የመረዳጃ ማኅበራት ለገሰ። በ96 የማሳያ ግጥሚያዎች ወደ ሁለት ሚሊዮን በሚጠጉ ወታደሮች ፊት ቀረበ።

ሠራዊቱ ግን ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ የሚያሰፍር ነበር። ሉዊስ በአደባባይ የሚናገር ሰው ባይሆንም ስሙን ለዚህ ጉዳይ ተጠቀመበት። በካንሳስ በፎርት ራይሊ ጥቁር ወታደሮች ወደ መኮንንነት ሥልጠና እንዳይገቡ በተከለከሉ ጊዜ ጉዳያቸው ለዋሽንግተን እንዲደርስ አደረገ። ከእነዚህ ወታደሮች አንዱ በኋላ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል የዘር አጥር የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ነበር።

ሉዊስ በ1945 ሜዳሊያ ተሸልሞ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ግን ለጦሩ በለገሰው ገንዘብ ላይ ጭምር ግብር ጠየቀው። በቦክስ ዘመኑ በስሙ ከገባው ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ሥራ አስኪያጆችና ሌሎች ተካፍለውት ለራሱ የደረሰው ከአንድ ሚሊዮን በታች እንደሆነ ይገመታል። እርሱም ለጋስና ገንዘብ የማይዝ ሰው ነበር። ቅጣቱና ወለዱ እየተደራረበ ዕዳው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። በ1953 እናቱ ሲሞቱ የተዉለትን ጥቂት ገንዘብ እንኳ መንግሥት ወሰደው።

ተራው ሲደርስ

ሉዊስ በማርች 1949 ሳይሸነፍ ዘውዱን አስረክቦ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ለአሥራ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ነግሧል። ዕዳው ግን ወደ መድረክ መለሰው። በሴፕቴምበር 1950 በተተኪው ኤዛርድ ቻርልስ በነጥብ ተሸነፈ። ያም ሆኖ ቀጠለ።

እአአ ኦክቶበር 26/1951 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የገጠመው ወጣት ሮኪ ማርሲያኖ ይባላል። ሽንፈት የማያውቅ፣ ከጣሊያን ስደተኞች የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ሉዊስ 37 ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ሳስቷል፣ የቀኝ እጁ ኃይልም ደክሟል። ለጥቂት ዙሮች በግራ እጁ ብልሃት ወጣቱን ለማራቅ ሞከረ። በስምንተኛው ዙር ማርሲያኖ በግራ ጣለው፤ ሲነሳ ደግሞ በቀኝ መትቶ በገመዶቹ መካከል አሳልፎ ከመድረኩ ዳርቻ ላይ ዘረረው።

ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት በኒው ዮርክ ጣሊያናዊውን ግዙፍ ጥሎ የተነሳው ሰው፣ በዚያችው ከተማ በጣሊያን ስደተኞች ልጅ ተጥሎ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ግን አዳራሹ ውስጥ ሆታ አልነበረም። ብዙ ተመልካች አለቀሰ። ማርሲያኖ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደንቀው የነበረውን ሰው በማሸነፉ በመልበሻ ክፍል እንባውን አፈሰሰ። ሉዊስ ከዚያ በኋላ አልተጋጠመም። ማርሲያኖም በዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የመጨረሻው መድረክ

ቀሪው ዘመን ቀላል አልሆነለትም። ለገንዘብ ሲል ነጻ ትግል ታገለ። በአደንዛዥ ዕፅና በአእምሮ ሕመም ተፈትኖ በ1970 ሆስፒታል ገባ። የግብር መሥሪያ ቤቱ በመጨረሻ ዕዳውን መሰብሰብ አቆመ። ሉዊስ በላስ ቬጋስ በአንድ ታዋቂ ሆቴል የቁማር አዳራሽ እንግዶችን እየተቀበለ ኑሮውን ገፋ። በ1977 የልብ ቀዶ ጥገና ካደረገ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። ጠላቱ ተደርጎ ይሳል የነበረው ሽሜሊንግ ከጀርመን እየመጣ ይጠይቀው ነበር፤ የቅርብ ወዳጆች ሆኑ።

እአአ ኤፕሪል 11/1981 ሉዊስ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ የላሪ ሆምስንና የትሬቨር በርቢክን የዓለም ከባድ ሚዛን ግጥሚያ ተመለከተ። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። በማግሥቱ በ66 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። ለቀብሩ ወጪ ሽሜሊንግ እንደረዳ ይነገራል።

በአርሊንግተን ብሔራዊ የመቃብር ስፍራ ለመቀበር ደንቡ ባይፈቅድለትም ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን ልዩ ፈቃድ ሰጡ። ያደገባት ዲትሮይትም ከአምስት ዓመት በኋላ ከነሐስ የተሠራ ከሰባት ሜትር በላይ የሚረዝም የክንድና የቡጢ ሐውልት በመሐል ከተማ አቆመችለት። ሐውልቱ ፊትም ጓንትም የለውም፤ በ1935 የሀርለም ሰዎች በኢትዮጵያ ስም ተስፋ የጣሉበት፣ የተጨበጠው እጅ ብቻ ነው።